የብረቱ ይሻላል ወይስ የእንስሳው? የልብ ቫልቭ ታሪክ ከወለጋ ሲታይ

«የብረቱን ይሁን የእንስሳውን እናስደርግላት?» የምትል ጥያቄ በውስጥ መስመር ስትደርሰኝ የሰሞኑ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከነቀምቴም፣ ከጊምቢም፣ ከሻምቡም ትመጣለች። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ወይም አጎት ነው፤ ታማሚዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጣት ሴት ናት። ሐኪም አይደለሁም፣ ታሪክ ነው የማነበው፤ ስለዚህ «ይህን አድርጉ» አልልም። ግን ጥያቄው ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ የሚጠይቀው ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የመጽሐፉ መልስ አጭር ነው። ዕድሜው ከ50 በታች ለሆነ ሰው ሜካኒካል፣ ማለትም እኛ «የብረት» የምንለው (እውነቱን ለመናገር የዛሬዎቹ ዋና አካላቸው ካርቦን ነው)። ከ65 በላይ ለሆነው ከአሳማ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን የሚሠራው። በመሃል ያለው ይመካከር። ምክንያቱም የብረቱ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል የተሠራ ነው፣ ግን ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን ኪኒን ዕድሜ ልክ ያስውጣል። የእንስሳው ያንን ኪኒን ለረጅም ጊዜ አይፈልግም፣ ግን በ10 ወይም በ15 ዓመት ያረጃል፤ በወጣት ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ያኔ ደረት እንደገና ይከፈታል።

መልሱ ልክ ነው። ችግሩ የተጻፈው የቫልቭ ታማሚ ማለት ጡረታ የወጣ ሰው በሆነበት፣ ላቦራቶሪም በየሰፈሩ ባለበት አገር መሆኑ ነው።

እኛ ጋ ቫልቭን የሚያበላሸው በብዛት እርጅና አይደለም፣ ጉሮሮ ነው። ልጅቷ ጉሮሮዋን ታመመች፣ «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ተባለ፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠች፣ አንዳንዱ ቤትም እንጥሏን አስቆረጡ፣ ዳነች። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ዝም ብሎ አይሄድም። ሰውነት እሱን ሊወጋ ያሰለፈው መከላከያ ጠላትና ወገን መለየት ያቅተውና የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን በሮች ይመታል። የጉልበቱ እብጠት ይሄዳል፤ የልቡ ጠባሳ ይቀራል። ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ጠባሳው ላይ ጠባሳ ይደረባል፤ በሮቹ ይወፍራሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። ከዓመታት በኋላ እንስራ ይዛ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንዳንዷ የሚታወቅባት የመጀመሪያ እርግዝናዋ ላይ ነው። ይህ ነው ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 ታማሚዎችን የመዘገበው «ሬመዲ» የተባለ ጥናት መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ሆኖ አግኝቶታል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ።

አሁን ወደ ታሪኩ። የሚገርመው፣ የልብ በር ቀዶ ሕክምና የተጀመረውም በእንደዚህ ዓይነት ወጣቶች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱታር የተባለ ቀዶ ሐኪም የጠበበ የልብ በር የነበራትን ወጣት ደረቷን ከፍቶ፣ ልቧ እየመታ፣ ጣቱን አስገብቶ በሩን ፈተሸው። ተረፈች። እንዲህ ያለ ሥራ ሌላው ዓለም በደንብ የያዘው ግን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በጊዜው ልብ በእጅ አይነካም ይባል ስለነበር ሌላ ታማሚ ወደ ሱታር የላከ ሐኪም አልነበረም። ልብ በሉ፣ ያኔ የለንደን ድሃ ሰፈር ልጆች የሚሞቱት ዛሬ የእኛ ልጆች በሚሞቱበት በሽታ ነበር።

ቫልቭ ራሱን መተካት የተጀመረው በኳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቻርልስ ሃፍናግል አሜሪካ ውስጥ በፕላስቲክ ቤት የተቀመጠች ኳስ ከልብ ውጭ፣ ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ ተከለ። ልብ ውስጥ ሊያስገባት አልቻለም፤ ልብን አቁሞ የሚሠራበት ማሽን ገና አልነበረማ! ማሽኑ በ1953 በጆን ጊቦን እጅ ሠራ። ከዚያ 1960 መጣና ሁሉም በአንድ ዓመት ሆነ፦ ድዋይት ሃርከን፣ ናይና ብራውንዋልድ (ሴት ቀዶ ሐኪም በማይታሰብበት ዘመን የራሷን ቫልቭ ሠርታ ራሷ የተከለች)፣ እና በኦሬገን አልበርት ስታር። ስታር ጋ የመጣው ሎውል ኤድዋርድስ የሚባል ጡረተኛ መሐንዲስ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ልብ ልሥራ ብሎ መጣ፣ ስታር ደግሞ «መጀመሪያ አንድ በር እንሥራ» አለው። የመጀመሪያዋ ታማሚ ወዲያው ሞተች። ሁለተኛው ለዓመታት ኖረ። በሽቦ ቤት ውስጥ ከፍ ዝቅ የምትል ያቺ ኳስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ሰው ውስጥ ገባች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሩማቲክ ሕመምተኞች ነበሩ።

ማለትም የብረት ቫልቭ የተፈጠረው ለእኛው በሽታ ነው። በኋላ ባለቤቶቹ አገሮች የቤቱ መጨናነቅ ሲቀንስና ፔኒሲሊን በየክሊኒኩ ሲገባ በሽታው ከእነርሱ ወጣ፤ የቫልቭ ታማሚያቸውም ሸመገለ። መመሪያው ታማሚውን ተከትሎ ሸመገለ። እኛ የቀረነው ከአሮጌው በሽታ ጋር፣ አዲሱን መመሪያ ይዘን ነው።

ኳሷ አንድ ጠላት ነበራት፦ የረጋ ደም። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል፤ የረጋው ተፈንጥሮ አንጎል ከገባ ስትሮክ ነው፣ ቫልቩ ላይ ከተጠራቀመ ደግሞ በሩ ይቆለፋል። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ አንድ የከብት አርቢ ይወስደናል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 1933፣ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን። ኤድ ካርልሰን የተባለ ገበሬ ከብቶቹ እየደሙ አለቁበት። በሻገተ ድርቆሽ ምክንያት ነው ቢሉትም አላመነም። አንዲት የሞተች ጊደር፣ አንድ የወተት ጣሳ የማይረጋ ደም እና ከዚያው ድርቆሽ ጭኖ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነዳ። የፈለገው የእንስሳት ሐኪሙን ቢሮ ነበር፤ ቅዳሜ ነውና ዝግ ሆኖ አገኘው። መብራት ያየበት ሕንፃ ገባ፤ የኬሚስቱ የካርል ሊንክ ላቦራቶሪ ሆነ። ሊንክ በዚያች ቀን ከ«ድርቆሹን አታብላ» በላይ የሚሰጠው አልነበረውም። ገበሬው ያንኑ መንገድ ተመለሰ። ጣሳው ግን ላቦራቶሪው ውስጥ ቀረ፤ ሊንክና ረዳቶቹ ደሙን የሚያቀጥነውን ንጥረ ነገር ለይተው ለማውጣት 6 ዓመት ፈጀባቸው። ከእሱ ዘር የሆነው ዋርፋሪን በ1948 የወጣው ለአይጥ መግደያ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለሰው ተፈቀደ። («የአይጥ መርዝ ሰጡን» ብለው ኪኒኑን የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ወሬው ከዜሮ አልተነሣም፣ ግን ኪኒኑን መጣል ቫልቩን መቆለፍ ነው።)

ከነቀምቴ አዲስ አበባ 331 ኪሎ ሜትር ነው። የካርልሰንን መንገድ የሚያህል ማለት ነው። የእኛ ሰው ደሙን በጣሳ አይጭንም፣ በክንዱ ይዞት ይሄዳል እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ ይህ ደም ስንት ረግቷል? ዋርፋሪን እንደ ሌላ ኪኒን አይደለም። ካነሰ ደሙ ይረጋል፣ ከበዛ ይፈሳል፤ ለሁለት ሰው አንድ መጠን አይሠራም። ስለዚህ ደሙ በየጊዜው ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ልኬቱን በሁሉም ላቦራቶሪ አንድ ዓይነት እንዲሆን አድርጎ አይ ኤን አር አለው። ጤነኛ ሰው ወደ 1 ነው። የብረት ቫልቭ ያለበት ሰው እንደ ቫልቩ ቦታ ከ2 እስከ 3 ወይም ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከተረጋጋ በየወሩ ገደማ መለካት አለበት፤ ዕድሜ ልክ። በዚያው በ«ሬመዲ» ጥናት ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱት ውስጥ ልኬታቸው በሚፈለገው ልክ የተገኘው ከሦስቱ አንድ እንኳ አይሞሉም። አዳዲሶቹ መለካት የማይፈልጉ ደም ማቅጠኛዎች ለብረት ቫልቭ ተሞክረው አልሆኑም፤ ዳቢጋትራን ላይ የተደረገው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 ጉዳቱ ስለበዛ ተቋርጧል።

ደግሞ ጎመን አለ። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬ የተባለውን በማገድ ነው፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የታወቀ ነው። ወለጋ ላይ ራፉ የሌለበት ጓሮ አሳዩኝ! ችግሩ ጎመን መብላቱ አይደለም። ችግሩ በፍስክ ትንሽ፣ በጾም ሁለት ወር ሙሉ ጎመን በጎመን መሆኑ ነው፤ ልኬቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሐኪሞች የሚሉት «አትብሉ» ሳይሆን «መጠኑን አታወዛውዙ» ነው። መድኃኒትም እንዲሁ፦ ለአሜባ የሚሰጠው ፍላጅል፣ ለሳልና ለሽንት የሚሰጠው ባክትሪም ዋርፋሪንን ያጠነክሩታል። ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መድማትን ያብሳሉ።

የእንስሳው ቫልቭ የመጣው ከዚህ ኪኒን ለመሸሽ ነው። ፓሪስ ውስጥ በ1965 የአሳማ ቫልቭ ለሰው ተተከለ፤ ግን ሰውነት ቶሎ ያበላሸው ነበር። አላን ካርፓንቲዬ የተባለው ወጣት ሐኪም ቫልቩን ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ነክሮ፣ ቆዳ እንደሚለፋ ዓይነት አድርጎ፣ ዕድሜ ሰጠው። ካርፓንቲዬና ስታር እ.ኤ.አ. በ2007 የላስከርን ሽልማት በጋራ ወሰዱ። የወጣት ሰው አካል ግን ካልሲየም በፍጥነት ያስቀምጣል፤ ለ75 ዓመት አዛውንት ዕድሜ ልክ የሚሆነው ቫልቭ 20 ዓመቷ ልጅ ላይ ይጠጥራል። የብረቱም ቢሆን በ1977 የወጣውና ዛሬም ዓይነቱ የሚሠራበት ባለ ሁለት ክንፍ የካርቦን ቫልቭ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ሰው አስከፍሏል፤ ብዮርክ ሻይሊ የተባለው አንዱ ሞዴል ሽቦው እየተሰበረ ሰው ስለገደለ በ1986 ከገበያ ወጥቷል። ካርፓንቲዬ ሌላም ነገር አስተምሯል፤ ለእኛ ከቫልቩ ይልቅ የሚጠቅመን እሱ ሊሆን ይችላል፦ የተበላሸውን በር ሳይተኩ መጠገን።

ወደ ወለጋ እንመለስ። ዘመናዊ ሕክምና ወደዚህ የገባው በሚሲዮን መንገድ ነው። የኅዳር በሽታ ባለፈ ማግሥት፣ በ1911 ዓ.ም. ገደማ፣ አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን በኩል ሳዮ (የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ) ደረሰ። ነቀምቴ ላይ ስዊድናውያን በ1920ዎቹ ዓ.ም. ሆስፒታል አቋቋሙ። አይራ የጀርመኖቹ ነው፣ ጊምቢ የአድቬንቲስቶቹ። ወልድ፣ ወባ፣ ስብራት፣ ትርፍ አንጀት፤ ትውልድ የተረፈው በእነዚህ ቤቶች ነው። ልብ ግን ከእነዚህ ግድግዳዎች አቅም ውጭ ነበር። «የልብ ድካም ነው» ይባልና ሽንት የሚያሸና ኪኒን ተሰጥቶ ይላካል። በር መቀየር ማለት ባሕር መሻገር ነበር።

ዶክተር በላይ አበጋዝ፣ የሕፃናት የልብ ሐኪም፣ በ1981 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ ሥራው ልጆችን ወደ ውጭ መላክ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች ለሳምንት ሠርተው ይመለሱ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸውን ችለው ዓመቱን ሙሉ መሥራት የጀመሩት ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬም ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ወደ ሕንድ የሚሄዱም አሉ። ዶክተር ሪክ ሆድስ ለስንቱ ድሃ ልጅ እንደዚያ መንገድ እንደጠረጉ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ተራ ደረሰ እንበል። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ልጅቷ ተመለሰች። አሁን ነው የቫልቩ ዓይነት መናገር የሚጀምረው።

ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ ሦስት ወር ገደማ። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እንተወውና እስቲ አስቡት፦ የብረት ቫልቭ ያላት ሴት፣ ድድዋ መድማት የጀመረ፣ አዲስ አበባ ያለውን ሐኪሟን ደውላ መጠየቅ የማትችል። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። የብረት ቫልቭ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ዕድሜ ልክ ክፍት ሆኖ የሚቆይ መንገድና የማይቋረጥ ኪኒን ላይ የሚፈረም ውል። ልጅቷ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ ወይም አዲስ አበባ እህቷ ጋ የምትኖር ከሆነ ውሉ ይቻላል፤ ብዙ ሰዎች እየኖሩበት ነው፣ ወልደውም። ከገጠር ከሆነች ግን ዕድሜዋ ብቻ አይወስንም።

ደግሞ ወሊድ አለ። ዋርፋሪን የእንግዴ ልጅን ያልፋል፤ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንሱን ሊያበላሸው ይችላል። ኪኒኑን ዝም ብሎ ማቆም ደግሞ እናቲቱን ይገድላል። በመርፌ በሚሰጥ ሌላ ደም ማቅጠኛ መተካት ይቻላል፣ ግን እሱም ክትትሉ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች መውለድ ለምትፈልግ ወጣት ሴት፣ መጽሐፉ «ብረት» ቢልም፣ የእንስሳውን ያነሡላታል። አንዱን አምጦ ሌላውን መርሳት ግን አይገባም፤ የእንስሳውን የመረጠች ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ተራውም እንደገና ነው። ቀላል መልስ እንዳለ የሚነግራችሁን አትመኑት። እኔ የሚያናድደኝ ይህ ንግግር ብዙ ጊዜ ልጅቷ በሌለችበት፣ በአጎትና በወንድም መካከል ማለቁ ነው። ትወልድ አትወልድ፣ የት ትኖር የሚለውን የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ትጠየቅ።

ሐኪሙን መጀመሪያ ብትጠይቁት የምመክረው ግን ሌላ ነው፦ «መጠገን ይቻላል? በፊኛ መክፈት ይቻላል?» ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1980ዎቹ ያመጣው ዘዴ የጠበበውን በር ደረት ሳይከፈት፣ በጭኑ ደም ሥር በሚገባ ፊኛ ይከፍታል። ለሁሉም አይሆንም፤ ለሚሆንለት ግን የምርጫውን ቀን ለዓመታት ያርቅለታል። ካልተቻለ፣ «ሁለቱም ዓይነት አላችሁ?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። በእርዳታ በሚመጣ ቫልቭ ምርጫው ሳጥኑ ውስጥ ባለው ሊወሰን ይችላል።

ዝግጅቱን በተመለከተ፦ ጥርስ። ከሁሉ በፊት ጥርስ! የተበላሸ ጥርስ ላይ ያለ ባክቴሪያ በደም አድርጎ አዲሱ ቫልቭ ላይ ይሰፍራል፤ ስለዚህ ነቀላውም ሙሌቱም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲኬድ «ቫልቭ አለኝ» ማለት ግዴታ ነው፣ ቀድሞ የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ አለ። ደም የሚሰጥ ዘመድ ቀድሞ ይታሰብ። ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው መቼ እንደሚያቆም ሐኪሙ ይንገረው፣ ራሱ አይወስን። ከሆስፒታል ስትወጣ የቫልቩ ዓይነትና መጠን የተጻፈበት ካርድ ትቀበል፤ ኪሷ ውስጥ ይኑር።

የወሩ መርፌም አይቆምም። ብዙ ቤተሰብ «ልቧ ተቀይሯል፣ ዳነች» ብሎ ፔኒሲሊኑን ያስቆማታል። የተቀየረው አንድ በር ነው፤ የቀሩት የራሷ ናቸው፣ ጉሮሮዋም ያው ነው። በ2007 ዓ.ም. የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ አገሮችን በጥብቅ ከጠየቁት አንዱ ይህ መርፌ ከጤና ጣቢያ እንዳይጠፋ ነበር። ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ ጡንቻ ላይ ሲወጋ እንዳይደማ ለነርሷ ትንገር።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡ ወይም በአይራ አይ ኤን አር የሚለካ ላቦራቶሪ የምታውቁ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ከተማውን፣ የሚሠራበትን ቀንና ዋጋውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰብስቤ አንድ ላይ እለጥፈዋለሁ።